ዊንዶው ይቀየርለት

ፍላሽ ላይ እፍ ማለትን ማንም አላስተማረንም፤ ሁላችንም ግን እንችልበታለን። ሸዋ ሮቢት አስፋልቱ ዳር ከተደረደሩት የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቆች በአንዱ ግማሽ ሰዓት የተቀመጠ ሰው ሥርዓቱን ከነደረጃው ያየዋል። ፍላሹ ይሰካል፤ ላፕቶፑ ጭጭ። ይነቀልና ባለቤቱ ከንፈሩን አሹሎ እፍ ይልበታል፤ ይሰካል፤ አሁንም ጭጭ። ሁለተኛው እፍ ከሆድ የሚወጣ ነው። ሦስተኛው ላይ ተራ የሚጠብቅ ሌላ ደንበኛ "እስቲ ወዲህ በለው" ብሎ ይቀበላል፤ የእሱ ትንፋሽ የተለየ በረከት ያለው ይመስል።

አንዳንዴ ይሠራል። ምስጋናው ለትንፋሹ ይሄዳል እንጂ የሠራውስ መንቀሉና መሰካቱ ነው። ብረት ከብረት ሲፋተግ ላዩ ላይ የጋገረው ስስ ቆሻሻ ይላጣል። ትንፋሹ የጨመረው እርጥበት ብቻ ነው፤ ዛሬ የተላጠው ብረት ነገ ዝጎ እንዲጠብቀን።

እፍታው ካልሠራ ማገላበጥ ይመጣል፤ ካልሠራ ደግሞ የላፕቶፑን ጎን በመዳፍ ጠፍ ጠፍ ማድረግ። ሦስቱም ሲያቅታቸው ከባንኮኒው ጀርባ ያለው ልጅ አንገቱን ሳያቀና ፍርዱን ይሰጣል፦

"ዊንዶው ይቀየርለት።"

ይህ ፍርድ ይግባኝ የለውም። ድምፅ ጠፋ? ዊንዶው ይቀየር። ላፕቶፑ ጋለ? ዊንዶው ይቀየር። ፍላሽ አላነበበም? ማን ይጠይቃል! ከአዲስ አበባ እስከ ኮምቦልቻ በዚህ መንገድ ዳር የሚሰጠው ማዘዣ አንድ ነው። ለምን አንድ እንደሆነ በኋላ እመጣበታለሁ፤ አስቀድሜ ግን ቀዳዳውን ላስተዋውቅ፤ ከቀዳዳውም በፊት አገሩን።

ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢ ደርቦ የተሳፈረ መንገደኛ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ያለውንና ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለውን የጣርማ በር ዋሻ አልፎ ቁልቁል ይወርዳል። ደብረ ሲና ላይ ጋቢውን ያጥፋል። አርማንያ ላይ ሹራቡን ያወልቃል። ሸዋ ሮቢት ሲደርስ 1,280 ሜትር ላይ ነውና የቀረውንም ማውለቅ ያምረዋል፤ የሚይዘው ይሉኝታ ነው። ሰው እንዲህ እያወለቀ ይገላገላል፤ ላፕቶፑ ግን የሚያወልቀው የለውም። ማራገቢያው ቀኑን ሙሉ ያቃስታል፣ የሚስበውም አየር ንጹሕ አይደለም። ከቀወት እስከ ኤፍራታና ግድም ያለው ቆላ ማሾና ጤፍ፣ ማሽላና ሽንኩርት የሚያመርት አገር ነው፤ በውቂያ ሰሞን ነፋሱ የሚሸከመው ብናኝና ገለባ ክፍት ሆኖ ያገኘው ቀዳዳ ውስጥ ሁሉ ይገባል። በዚያ ላይ ላብ አለ። ላብ የነካው እጅ ፍላሹን በብረቱ በኩል ይዞ ይሰካል፤ ጨዉ እዚያው ይቀራል።

ፍላሽ ደግሞ በዚህ አገር ተራ ዕቃ አይደለም። ባጃጅ ያለ ፍላሽ ከቆመበት አይነሣም፤ የአንዱ መንዙማ፣ የሌላው መዝሙር፣ የሦስተኛው ደግሞ የአፋር ዘፈን ተጭኖበታል። የደሴን መንገድ የሚመላለስ የአይሱዙ ሾፌር ነዳጁን ሳይሞላ ቢወጣ እንጂ ፍላሹን ረስቶ አይወጣም። የመምህሩ ፈተና፣ የፍርድ ቤቱ ማመልከቻ፣ የሙሽሮቹ ቪዲዮ የሚጓዘው በኪስ ነው። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት በቆየ ጊዜማ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነገር ሁሉ በዚህች የጣት ግማሽ በምታህል ዕቃ ላይ ወደቀ። እንግዲህ እሷም አልነበብም ስትል ምን እንደሚሰማ አስቡት።

አሁን ወደ ቀዳዳው። በተለመደው ዩኤስቢ ውስጥ አራት ቀጫጭን ብረቶች አሉ። ዳርና ዳር ያሉት ሁለቱ ኤሌክትሪክ ያቀብላሉ፣ 5 ቮልት። መሀል ያሉት ሁለቱ ወሬ ያመላልሳሉ። የዳሮቹ ከመሀሎቹ ትንሽ ረዘም እንዲሉ ሆነው ነው የተሠሩት፤ ፍላሹ ሲገባ መጀመሪያ ጉልበት ያገኛል፣ ከዚያ አፉን ይፈታል። ፍላሽ መብራቱ ቦግ ብሎ "በርቷል እኮ፣ ለምን አያነብም?" የሚያሰኘው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የዳሮቹ ገጥመዋል፤ የመሀሎቹ ወይ ቆሽሸዋል ወይ ፍላሹ እስከ መጨረሻው አልገባም። መብራቱ የሚመሰክረው ስለ ጉልበቱ እንጂ ስለ ንግግሩ አይደለም።

ንግግሩን ለመረዳት የዚህ ቆላ ሰው ሩቅ መሄድ የለበትም፤ እሑድ እሑድ ሰንበቴ ገበያ መውረድ ይበቃዋል። አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ የሚገናኙበት ገበያ ነው። እዚያ ሁለት አፋሮች ሲገናኙ የሚያደርጉትን ያየ ዩኤስቢን አይቷል። ባይተዋወቁም ዝም ብለው አይተላለፉም፤ ዳጉ ይለዋወጣሉ። ከየት መጣህ? ምን አየህ? ምን ሰማህ? ዝናቡ እስከየት ደረሰ? ሣሩስ? ተጠያቂው በተራው ይጠይቃል። ዳጉ ሳያደርሱ ማለፍ ነውር ነው፤ በዳጉ መዋሸት ደግሞ ያስጠይቃል፤ በዚያ ወሬ ተማምኖ ከብቱን የሚነዳ ሰው አለና።

ላፕቶፑና ፍላሹም ሲገናኙ ዳጉ ነው የሚያደርጉት። ፍላሹ ከሁለቱ የወሬ መስመሮች በአንዱ ላይ ቮልቴጁን ከፍ አድርጎ መምጣቱን ያሳውቃል። ላፕቶፑ ጥያቄውን ይጀምራል፦ አምራችህ ማን ነው? የምርት ቁጥርህስ? ሥራህ ምንድን ነው፤ ማውዝ ነህ፣ ፕሪንተር ነህ፣ ወይስ ዕቃ ማስቀመጫ? ምን ያህል ኤሌክትሪክ ትፈልጋለህ? በዩኤስቢ 2.0 ሥርዓት እንግዳው ይህ ተጣርቶ እስኪያልቅ ከ100 ሚሊአምፔር በላይ እንዲወስድ አይፈቀድለትም፤ ማንነቱ ሲታወቅ እስከ 500 ይለቀቅለታል። ከ1 እስከ 127 ካሉት ቁጥሮችም አንዱ አድራሻ ሆኖ ይሰጠዋል። ይህ ሁሉ ጥያቄና መልስ እኛ እጃችንን ከፍላሹ ሳናነሣ ያበቃል።

ስለዚህ ስክሪኑ ጥግ ላይ "ዩኤስቢ ዲቫይስ ኖት ሪኮግናይዝድ" የሚል መልእክት ብቅ ሲል ላፕቶፑ አላየሁም እያለ አይደለም። አይቷል፤ ጠይቋልም። መልሱ አልመጣም ወይም ተቆራርጦ መጣበት። የዊንዶውስ የዕቃዎች መዝገብ በሆነው ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ቢጫ ምልክት ለጥፎ "ኮድ 43" የሚለውም በአብዛኛው ይህንን ነው። ጭራሽ ምንም ሳይል ዝም ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ መምጣቱ ራሱ አልተሰማም። ያኔ ጥርጣሬው ወደ ኤሌክትሪኩ፣ ወደ ተሰበረ ብረት ወይም ወደ ሞተ ቀዳዳ መሄድ አለበት። ሁለቱን ሕመሞች ሳይለዩ መድኃኒት ማዘዝ ነው ይህን ሁሉ ዊንዶው የፈጀው።

የሚለዩበት ዘዴ ርካሽ ነው፤ ማውዝ። ፍላሹ የተሰካበት ቀዳዳ ላይ ማውዝ ስካ። ማውዙ ከሠራ ቀዳዳው ደኅና ነው፣ ጥፋቱ የፍላሹ ሳይሆን አይቀርም። ማውዙም ዝም ካለ በሌላው ጎን ያለውን ቀዳዳ ሞክር። በብዙ ላፕቶፖች የአንዱ ጎን ቀዳዳዎች ከዋናው ቦርድ ተለይተው ትንሽ ሰሌዳ ላይ ነው የሚቀመጡት፤ ከዋናው የሚያገናኛቸው አንድ ጠፍጣፋ ገመድ ነው። የግራዎቹ ሁሉ ሞተው የቀኞቹ ሁሉ በሕይወት ካሉ ያች ገመድ ሳትላቀቅ አትቀርም፤ ዊንዶው አሥር ጊዜ ቢቀየር አትጠብቅም።

ከሁሉም የሚያስቀኝ የገመዱ ክርክር ነው። የሠርጉን ፎቶ ከስልኩ ወደ ላፕቶፕ ሊያስገለብጥ የመጣ ጎረምሳ ከመንገድ ዳር የገዛትን ገመድ ይሰካል። ስልኩ ቻርጅ ማድረግ ይጀምራል። ላፕቶፑ ግን ስልክ የሚባል ፍጥረት አላየሁም ይላል።

"ወንድሜ፣ ገመዱ አይሠራም።"

"እንዴት አይሠራም? ይኸው ቻርጅ እያደረገ!"

"ቻርጅማ ያደርጋል።"

"ታዲያ ካልሠራ በምን ቻርጅ አደረገ?"

ለዚህ ሎጂክ መልስ የለም። ገመዱ ሲቀደድ ግን መልሱ ይታያል፤ ውስጡ ያሉት ሁለት ሽቦዎች ብቻ ናቸው፣ ኤሌክትሪክ አቀባዮቹ። የወሬዎቹን አምራቹ ለቁጠባ ሲል ትቷቸዋል። ገመዱ ደኅና ሆኖ እንኳ ስልኩ ራሱ "ለቻርጅ ብቻ" በሚለው ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ ከላይ ወደ ታች ጎተት አድርጎ "ፋይል ትራንስፈር" የሚለውን መንካት ነው። ይህን የነገሩት ጎረምሳ ግን አያመሰግንም። ገመዱን ስለሰደቡበት አኩርፏል።

የጉልበት ማነስም አለ። ውስጡ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ሲነሣ ብዙ ይጠጣል፤ የድሮ ላፕቶፕ 500 ሚሊአምፔር ሰጥቶት ቀጭ ቀጭ እያለ ይቀራል። ብዙውን ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ የሆነው ቀዳዳ 3.0 ነውና እስከ 900 ይሰጣል፤ ወደዚያ ማዛወር ነው።

ዊንዶውስም ቢሆን ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1998 ቺካጎ ላይ ቢል ጌትስ ራሱ መድረክ ላይ ቆሞ ገና ያልወጣውን ዊንዶውስ 98 ሲያስተዋውቅ፣ ረዳቱ ስካነር በዩኤስቢ ሰካና ሕዝብ ፊት ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጌትስም እስካሁን ለሽያጭ ያላቀረብነው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ቀልዶ አለፈው። እዚያ መድረክ ላይ ግን ዊንዶው ይቀየር የሚል አልተገኘም፤ ገና አልወጣም ነበራ።

የዛሬው ዊንዶውስ ጥፋት ቁጠባ ማብዛቱ ነው። ባትሪ ለመቆጠብ ሲል ሥራ የፈታ የመሰለውን ቀዳዳ ያስተኛል፤ አንዳንዴ ደግሞ መቀስቀሱን ይረሳል። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ "ዩኤስቢ ሩት ሃብ" የሚለው ላይ ገብቶ፣ ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ ይህን ዕቃ እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት ማንሣት ነው። ሌላም ተንኮል አለው። ሰው ሁሉ "አጥፍቼ አብርቼዋለሁ" ይላል። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ግን ፈጣን አነሣስ የሚባለው ከበራ "ሻት ዳውን" ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አይደለም፤ የስርዓቱን እምብርት ከነሕመሙ ዲስክ ላይ አስቀምጦ በማግስቱ እንዳለ ያነሣዋል። ከሥሩ የሚያጸዳው "ሪስታርት" ነው። ቀኑን ሙሉ ሲያጠፋና ሲያበራ የዋለ ሰው አንዴም አላጠፋም ማለት ነው። ይህን ስነግራቸው የሚያምኑኝ ጥቂቶች ናቸው።

እሱም ካልሆነ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ የዩኤስቢ ኮንትሮለሮቹን "አንኢንስቶል" አድርጎ ሪስታርት ሲደረግ ዊንዶውስ ራሱ እንደ አዲስ ይጭናቸዋል። ይህን በዩኤስቢ ማውዝ የሚሠራ ሰው መሀል መንገድ ላይ ቀስቱ ድርቅ ብሎ ይቀርበታል፤ የተቀመጠበትን ቅርንጫፍ ነዋ የቆረጠው። የላፕቶፑን መዳሰሻ መጠቀም ይሻላል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ ከዚያም ሌላ ላፕቶፕ ላይ ፍላሹ እንደሚሠራ ተረጋግጦ ነው፣ የዊንዶው ስም መነሣት ያለበት።

ማገላበጡን ረሳሁት። ዩኤስቢ አንዴ ተሰክቶ አይገባም፤ ይገለበጣል፣ አሁንም አይገባም፤ እንደገና በመጀመሪያው አቋሙ ሲሞከር ይገባል። ይህን ተአምር ያልቀመሰ የለም። እ.ኤ.አ. በ1996 ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍት፣ አይቢኤምና ሌሎች አራት ኩባንያዎች ሥርዓቱን ሲያወጡ፣ ከዋና መሐንዲሶቹ አንዱ የኢንቴሉ ትውልደ ሕንዳዊ አጄይ ባት ነበር። በሁለቱም በኩል የሚገባ ማድረግ ይቻል ነበር፤ ግን ሽቦውንና ሰርኪዩቱን እጥፍ፣ ዋጋውንም ከፍ ያደርገው ነበርና ተዉት። ርካሽ ስለሆነ ዓለምን አዳረሰ፤ ባት እ.ኤ.አ. በ2013 የአውሮፓ የፈጠራ ሽልማትን ተቀበለ፤ እኛም እናገላብጣለን። ያ ቀዳዳ በደረጃው ቢያንስ 1,500 ጊዜ መሰካትና መነቀል እንዲችል ነው የሚጠበቅበት። በቀን 50 ፍላሽ የሚያስተናግድ የጽሕፈት ሱቅ ያን በወሩ ይጨርሰዋል! አዲሱ፣ በሁለቱም በኩል የሚገባው ታይፕ ሲ እስከ 10,000 ይሄዳል። ብልህ ባለሱቅ አጭር የዩኤስቢ ማራዘሚያ አንዴ ሰክቶ ይተወዋል፤ ደንበኛው የሚያደክመው ማራዘሚያውን ነው።

የባጃጆቹ ቴፕ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ላፕቶፑ ያነበበውን ፍላሽ ቴፑ አላነብም ሲል ሾፌሩ ወደ ሱቁ ተመልሶ "ምን አደረግህብኝ?" ይላል። ያደረገበት ነገር ፎርማቱ ነው፤ ብዙዎቹ ቴፖች የሚያውቁት ፋት 32 የሚባለውን ብቻ ነው። ዊንዶውስ ደግሞ ከ32 ጊጋባይት የሚበልጥን ፍላሽ በተለመደው መንገድ በፋት 32 አላደርግም ሲል ነው የኖረው። ትንሽ ፍላሽ የሚገዛ ሾፌር ከጭቅጭቅ ያርፋል። ላፕቶፑ ራሱ "ፎርማት ላድርገው?" ብሎ ሲጠይቅ ግን እሺ ከማለት በፊት ውስጡ ምን እንዳለ ማሰብ ነው። በአንድ "እሺ" ሠርጋቸውን ያጡ ሙሽሮች አሉ፤ ትዳሩ ይኑር እንጂ።

ወደ ዳጉ ልመለስና፣ የሚዋሽ ፍላሽም አለ። መንገድ ዳር በርካሽ "2 ቴራባይት" ተብሎ የሚሸጠው ነው። ላፕቶፑ ሲጠይቀው ፊቱ ሳይቀላ 2 ቴራባይት ነኝ ይላል፤ እንዲህ እንዲል ተደርጎ ነው የተሞላው። የእውነት የሚይዘው ያለቀ ዕለት ግን የሚጻፍበት ሁሉ ይጠፋል ወይም ከቀድሞው በላይ እየተጻፈ ያበላሸዋል። ስሙ ሲነበብ ሁሉም አለ፣ ሲከፈት አንዱም የለም። የሰንበቴ ዳጉ ላይ ቢሆን ኖሮ በሽማግሌ ፊት ይቆም ነበር።

ያቆየኋት ጥያቄ ነበረች፤ ማዘዣው ሁሌ ለምን አንድ ይሆናል? አንድ ቀን ከእነዚያ ሱቆች በአንዱ ወረቀት ሳስባዛ አንድ አዛውንት የልጃቸውን ላፕቶፕ በፌስታል ይዘው ገቡ። ፍላሽ አያነብም። የባንኮኒው ልጅ የዚያን ቀን ሙቀቱ ነው መሰለኝ አንገቱን አቀና፤ የስልኩን ባትሪ አብርቶ ቀዳዳውን አየ። ላፕቶፑን አጠፋ፣ ቻርጀሩን ነቀለ፣ ከኪሱ ስቴኪኒ አወጣና ቀስ ብሎ ከጥጉ አንድ የጤፍ ገለባ ጎትቶ አወጣ። አበራው። ፍላሹን ሰካ። ተነበበ።

"እግዜር ይስጥህ የኔ ልጅ። ስንት ነው?"

ልጁ ዋጋውን ተናገረ። ሦስት ሻይ ቢያጠጣ ነው።

"ለምኑ? ለስቴኪኒ?"

"ጋሼ፣ ባለፈው ዊንዶው ሲቀየር ከዚህ ብዙ እጥፍ ከፍለው የለ?"

"እሱማ ጧት ትቼልህ ሄጄ ማታ ነው የወሰድኩት! ቀኑን ሙሉ ስትለፋበት ውለሃል። ይኼ እኮ ዐይኔ እያየ ነው ያለቀው።"

"ተሠርቷል አይደል?"

"ተሠርቷል። ገለባ ነው ያወጣኸው አልኩህ እኔም፤ ገለባ ከበሬም ጥርስ ይወጣል።"

የአንድ ሻይ አስቀምጠው፣ መርቀውት፣ ፌስታላቸውን አንጠልጥለው ወጡ። ወዲያው አንዲት እናት ሌላ ላፕቶፕ ይዘው ገቡ፤ ያው ፍላሽ አያነብም። ልጁ ባትሪውን አብርቶ ወደ ቀዳዳው አጎነበሰ። ያለውን አየ። ባትሪውን አጠፋ፣ ስቴኪኒውን ኪሱ ከተተ።

"እትዬ፣ ይሄ ከበድ ይላል። ወደ ማታ ይመለሱ።"